ምዕራፍ ሰባት፤ ነፋስና ናፍጣ በአንድ ሚዛን

ፒካፕ ያለው ሰው ወደ ጋራዥ በገባ ቁጥር ከመካኒኩ ዘንድ ሁለት ነገር አጣምሮ ይለምናል፤ ይኸውም ጉልበቱ እንዲጨመርለትና ናፍጣው እንዲቀነስለት ነው። ልመናው ላይ ላዩን ለሚሰማው ሰው፣ ጠዋት ቁርሱን በልቶ ማታ የጾመኛ ዋጋ ለመቀበል የሚሻውን ምእመን ምኞት ይመስላል፤ ብዙ መካኒኮችም ፈገግ ብለው «ከሁለቱ አንዱን ምረጥ» ማለታቸው ከዚሁ የተነሣ ነው። እኔ ግን በዚህ ምዕራፍ ለማስረዳት የምሞክረው ልመናው በራሱ ስሕተት እንዳልሆነ ነው፤ ስሕተቱ መልሱን ከናፍጣው ዘንድ መፈለጋችን ነው። ጉልበትም ቁጠባም አስቀድመው ከነፋስ የሚወለዱ ናቸውና፣ ነፋሱን ሳይቆጥር ናፍጣውን የሚጨምር ሰው ሁለቱንም ያጣቸዋል።

ለምሳሌ የማቀርበው የራሴን መኪና ነው። ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ሲሆን፣ ሞተሩ 2,982 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር የሚለካ፣ ቱርቦ ያለው፣ ከፋብሪካው ሲወጣ ከ160 በላይ የፈረስ ጉልበት የነበረው ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ግን መኪናውን ፋብሪካው እንደ ሠራው አልተወውም፤ ባሌስትራውን አስነሥቶ ቁመቱን ጨምሮለታል፣ የፊቱን ፓራውልት በወፍራም ብረት ለውጦታል፣ በላዩ ላይ ረጅም ፖርቶ መጋላ ጭኖበታል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ 265/65 የነበሩትን ጎማዎች አውልቆ በዚያው በ17 ኢንች ቸርኬ ላይ 285/70 አግብቶበታል። ለዓይን ያማረ ነበር፤ ስገዛውም ዓይኔ ገዛልኝ ማለት ይቻላል። በኋላ ግን አቀበት ላይ እንደሚያቃስትና ናፍጣም እንደሚጠጣ ባወቅሁ ጊዜ፣ እንደ ሰው ሁሉ ያን ሁለት ልመና ይዤ ወደ ጋራዥ ሄድሁ።

ወደ ሞተሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ሚዛኑ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በሐሰት ሚዛን የሚነግድ ነጋዴ ትርፉንም ኪሳራውንም በእውነት ሊያውቅ አይችልም። በጎማው ላይ የተጻፈው የመጀመሪያው ቁጥር የጎማውን ስፋት በሚሊ ሜትር ይነግረናል፤ ሁለተኛው የጎማው ግድግዳ ቁመት ከስፋቱ ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ ያመለክታል። ይህን ይዘን ብናሰላ የፋብሪካው ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ 776 ሚሊ ሜትር፣ አዲሱ ደግሞ 831 ሚሊ ሜትር ሆኖ እናገኘዋለን። እንግዲህ አዲሱ ጎማ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ከፊተኛው ይልቅ ከመቶ ሰባት እጅ የሚበልጥ መንገድ ይሄዳል፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን የሚቆጥረው ዙሩን እንጂ መንገዱን ስላልሆነ፣ ጎማው መለወጡን ሳያውቅ በአሮጌው ልማዱ ይቀጥላል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የእኔ ቆጣሪ ግን ሐዋሳ ስደርስ 257 ብቻ ያሳይ ነበር። በዚያ ጉዞ 33 ሊትር ናፍጣ ፈጅቼ በሊትር 7.8 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄድሁ ብዬ ሳዝን፣ እውነተኛው ልክ 8.3 ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም፣ አንድ ማሻሻያ ጠቀመ ወይስ ጎዳ ብለን የምንከራከረው በዚሁ በትንሹ ልዩነት ላይ ስለሆነ፣ ሒሳቡን ሳያቀና መኪናውን የሚያቀና ሰው አበቅቴውን ሳያውቅ ፋሲካን ሊያወጣ እንደሚቀመጥ ደብተራ ነው።

በዚያው ሒሳብ ላይ አንድ ሌላ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 650 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ስለዚህ መሄጃው ቁልቁለት፣ መመለሻው አቀበት ነው። 2,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና በዚህ ከፍታ ልክ ለማንሣት ብቻ፣ የሞተሩን ብክነት ጨምረን ብናሰላ፣ ከአንድ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ናፍጣ ይጠየቃል። ስለዚህ የአንድ አቅጣጫ ጉዞ ምስክርነቱ ጎዶሎ ነውና፣ ደርሶ መልሱን ለክቶ በአንድነት ማካፈል ይገባል። የእኔ መመለሻ 36 ሊትር ፈጅቶ ደርሶ መልሱ 69 ሊትር ሆነ፤ ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ ያኑርልኝ።

ጉልበት ስንል ምን ማለታችን እንደሆነም እንይ። የፈረስ ጉልበት የሚባለው መለኪያ 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነገር በ1 ሴኮንድ ውስጥ 1 ሜትር ወደ ላይ የሚያነሣ ኃይል ነው፤ ስሙን ያስለመደው እንፋሎት ሞተሮቹን ከፈረሶች ጋር እያወዳደረ ይሸጥ የነበረው ጄምስ ዋት ነው። ሾፌር አቀበት ላይ የሚፈልገው ግን ከዚህ ይልቅ ሞተሩ ዘንጉን የሚጠመዝዝበትን ኃይል ነው። የእኔ ሞተር ይህ ኃይሉ እስከ 343 ኒውተን ሜትር ይደርሳል፤ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር ይህን ያህል ቢጠመዝዝ የሚሰጠው 98 ያህል የፈረስ ጉልበት ነው። የቀረው የሚገኘው ዙሩ ሲጨምር ነው፤ ነገር ግን ዙር በጨመረ መጠን የሞተሩ የውስጥ ሰበቃ ስለሚበዛ፣ ናፍጣ የሚቆጥብ ሰው በዝቅተኛ ዙር ብዙ የመጠምዘዝ ኃይል ያለበትን ሥፍራ ፈልጎ እዚያ መኖር ይገባዋል። ሁለቱ ልመናዎች የሚገናኙበት የመጀመሪያው ደጅ ይህ ነው፤ በዝቅተኛ ዙር የሚጠመዝዝ ሞተር ለአቀበቱም ለኪሱም ይጠቅማልና።

የናፍጣ ሞተርን የፈለሰፈው ሩዶልፍ ዲዝልም ሐሳቡ ይኸው ነበር። በዘመኑ የነበሩት እንፋሎት ሞተሮች ከሚያነዱት ድንጋይ ከሰል ሙቀት አብዛኛውን በከንቱ ወደ ሰማይ ሲበትኑ አይቶ፣ ነዳጁን ከነፋስ ጋር ቀላቅሎ በካንዴላ ከመለኮስ ይልቅ፣ ነፋሱን ለብቻው አጥብቆ ጨምቆ እስኪግል ድረስ በማሞቅ፣ ናፍጣው በገባበት ቅጽበት በራሱ እንዲነድ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1897 በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ በሊቃውንት ፊት በተፈተነ ጊዜ ሞተሩ ከነዳጁ ሙቀት ከመቶ 26 እጅ የሚሆነውን ወደ ሥራ መለወጡ ተመሰከረለት። ዛሬ ደኅና የፒካፕ ሞተር በተመቸው ሰዓት ወደ 40 እጅ ይጠጋል፤ የቀረው በማርሚታና በራዲያተር ይወጣል። ፈልሳፊው ግን መጨረሻው አላማረለትም፤ እ.ኤ.አ. በ1913 ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ አገር ሲሻገር በሌሊት ከመርከብ ጠፍቶ፣ ነገሩ እስካሁን እንደ ምሥጢር ይወራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ነፋሱ እንመጣለን። አንድ ኪሎ ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ነዶ ያልቅ ዘንድ 14 ኪሎ ተኩል ያህል አየር ያስፈልገዋል። ይህ በወረቀት ላይ ነው፤ በሞተሩ ውስጥ ግን ናፍጣው ከነፋሱ ጋር የሚገናኝበት ጊዜ እጅግ አጭር ስለሆነ፣ ጢስ ሳይወጣ እንዲነድ ከ18 እስከ 20 ኪሎ ያህል አየር ቢያገኝ ይመረጣል። ቅዳሴ ከአምስት ልዑካን ባነሰ እንደማይቀደስ ሁሉ፣ ናፍጣም የነፋስ አጃቢዎቹ ከጎደሉ ሥርዓቱን አይፈጽምም፤ የተረፈው ጥላሸት ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። ጥቁር ጢስ ማለት እንግዲህ ሌላ አይደለም፤ ገንዘብ ተከፍሎበት ሥራ ሳይሠራ የወጣ ናፍጣ ነው። ሾፌሮቻችን ጥቁር ጢስ የሚተፋ መኪና ሲያዩ «ጉልበት አለው» ማለታቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ ጢሱ የሚመሰክረው ስለሌለው ጉልበት ነውና።

የእኛ አገር ነገር በዚህ ላይ ይከብዳል። በባሕር ዳርቻ፣ ለምሳሌ በጅቡቲ፣ አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 1.2 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ያው አየር ከ0.9 ኪሎ እምብዛም አያልፍም። ቤት ያለች እናት ባቄላዋ በደጋ ቶሎ አልበስል ሲላት የምታውቀውን ነገር ሞተሩም ያውቀዋል፤ ሁለቱንም የሚገዛቸው የከባቢው አየር ግፊት ማነስ ነው። ባለ ሦስት ሊትር ሞተር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር ሦስት ኪዩቢክ ሜትር ያህል አየር ይስባል፤ ቱርቦ ባይኖረው በጅቡቲ 3.6 ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ግን 2.7 ኪሎ ብቻ ያገኛል ማለት ነው። ሩቡ ጎደለ። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ፒካፕ ጅቡቲ ላይ በተስተካከለለት የናፍጣ መጠን እንጦጦን ሲወጣ የሚያጨሰው ከዚህ የተነሣ ነው። ባለቤቱም ጉልበት ያነሰው መስሎት ወደ መካኒክ ሄዶ «ፖምፓውን ክፈትልኝ» ይላል፤ መካኒኩም የፖምፓውን ብሎን ያዞርለታል፤ ናፍጣው ይጨምራል፣ ነፋሱ ግን ያው ነው። ይህ ከተራበ ሰው ፊት ሁለተኛ ማዕድ ዘርግቶ አፉን እንደ ማሰር ያለ ነገር ነው።

መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1905 የስዊስ ተወላጅ የሆነው አልፍሬድ ቡሂ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ብልሃት ነው፤ እኛ ቱርቦ የምንለው። በማርሚታው በከንቱ የሚወጣው ትኩስ ጢስ አንድ ትንሽ መዘውር ያዞራል፤ ያ መዘውር በአንድ ዘንግ የተያያዘውን ሌላ መዘውር በማዞር ንጹሕ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። ዙሩ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ይበልጣል። ለደጋ አገር ሰው ይህ መሣሪያ ከበረከት የሚቆጠር ቢሆንም፣ ከፍታው ከእርሱም ግብር ይጠይቃል፤ ምክንያቱም በሞተሩ ውስጥ የባሕር ዳርቻውን እጥፍ ግፊት ለማግኘት በጅቡቲ አየሩን ሁለት እጥፍ መጨመቅ ሲበቃው፣ በአዲስ አበባ ግን ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ መጨመቅ ይኖርበታል፤ ስለዚህ አብዝቶ ይዞራል፣ አብዝቶም ይሞቃል። አየር ሲጨመቅ መሞቁ የባሕርይው ነው፤ 20 ዲግሪ ሆኖ የገባ አየር በእጥፍ ተጨምቆ ሲወጣ ከ100 ዲግሪ ያልፋል። የሞቀ አየር ደግሞ ስለሚለጠጥ፣ በግፊት ያገኘነውን ክብደት በሙቀት መልሰን እናጣለን። በቱርቦውና በሞተሩ መካከል አየሩን የሚያቀዘቅዝ ኢንተርኩለር የሚባል ራዲያተር መሳይ ዕቃ የሚገባው ለዚህ ነው፤ በእኔ አስተያየት በፒካፕ ላይ ከሚጨመሩት ዕቃዎች ሁሉ ለጉልበትም ለቁጠባም በአንድ ጊዜ የሚሠራው እርሱ ነው፤ ስለ እርሱ ግን የሚኮራ ሾፌር አላየሁም፤ ከኮፈኑ በታች ተሰውሮ ስለማይታይ ይሆናል።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። መጀመሪያ የሄድሁበት ጋራዥ፣ ስሙን ልተወውና፣ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ ሳይመረምር አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን በሽቦ አያይዞልኝ «ይህ ኃይልም ይጨምራል፣ ናፍጣም ይቆጥባል» አለኝ። ገንዘቡን ከፍዬ ወጣሁ። መኪናው በእርግጥ ነቃ ያለ መሰለኝ፤ ደስታዬም ለአንድ ሳምንት ቆየ።

ሳጥኒቱ የምትሠራውን በኋላ ተማርሁ። በአሁኑ ዘመን ሞተር ፖምፓው ናፍጣውን ከ1,000 ከባቢ አየር በሚበልጥ ግፊት በአንድ የጋራ ቧንቧ ውስጥ ያከማቸዋል፤ ኮምፒውተሩም የኖዝሉን አፍ በመክፈትና በመዝጋት መጠኑን ይወስናል። በቧንቧው ላይ የተተከለ የግፊት መለኪያ የግፊቱን ልክ ለኮምፒውተሩ ያስታውቃል። ሳጥኒቱ በመለኪያውና በኮምፒውተሩ መካከል ተቀምጣ ቃሉን ታጣምማለች፤ ግፊቱ ሙሉ ሳለ «ጎድሏል» ትላለች። ኮምፒውተሩም አምኖ ግፊቱን ይጨምራል፤ የኖዝሉ አፍ የሚከፈትበት ጊዜ ባይረዝምም በዚያው ጊዜ የሚያልፈው ናፍጣ ይበዛል። ጉልበቱ የጨመረው በዚህ ነው። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ስንት ናፍጣ እንደሰጠ ስለማያውቅ፣ ነፋሱን በዚያ ልክ አያዘጋጅም፤ በዳሽቦርዱ ላይ የሚያሳየው የናፍጣ ፍጆታም ሐሰት ይሆናል። ብዙ ሰው «ሳጥኑን ካስገባሁ ወዲህ ናፍጣ ቆጠበልኝ» የሚለው ይህንኑ ሐሰተኛ ምስክር አምኖ ነው። እኔም አምኜ ነበር።

ያስደነገጠኝ ዓባይ በረሃ ነው። ከድልድዩ ወደ ደጀን የሚወጣው አቀበት መኪናን ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍ ያደርገዋል፤ ሥፍራውም ቆላ ስለሆነ ሙቀቱ ይበረታል። ከመነሣቴ በፊት አንድ ወዳጄ አጥብቆ ስለ መከረኝ በጢሱ መውጫ ላይ የሙቀት መለኪያ አስተክዬ ነበር። በአቀበቱ እኩሌታ ላይ መርፌው 780 ዲግሪ ሲያሳይ፣ በመስታወቱም ወደ ኋላ ሳይ መንገዱ በጥቁር ጢስ ተሸፍኖ፣ ከኋላዬ ያለው አውቶቡስ አይታይም ነበር። ፒስተን የሚሠራበት አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ እንደሚቀልጥ ከትምህርት ቤት አስታውሳለሁ። ፒስተን ወዲያው የማይቀልጠው ከሥሩ ዘይት እየተረጨበት ስለሚቀዘቅዝና እሳቱም በየመካከሉ ስለሚቋረጥለት ነው፤ ይሁን እንጂ የጢሱ ሙቀት ከ700 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ከቆየ፣ ፒስተኑ ወይም የቱርቦው መዘውር አንዱ መጎዳቱ አይቀርም። ማርሽ ቀንሼ፣ እግሬን አንሥቼ፣ በኤሊ አካሄድ ወጣሁ።

አዲስ አበባ ስመለስ ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ ሄድሁ። እኒህ ሰው ሥራውን የተማሩት በልጅነታቸው ከጣሊያን ጋራዥ ሠራተኞች እጅ ከተማረ መምህር ስለሆነ፣ ንግግራቸው ሁሉ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ፊልትሮ ነው። አንዳንድ ጸሐፍት እነዚህን ቃላት በግዕዝ ቃላት ለመተካት ሲደክሙ አያለሁ፤ እኔ ግን ሰው በእጁ የሚይዘውን ዕቃ ስም ከእጁ ላይ መንጠቅ አይገባም ባይ ነኝ። ስለ ጢሱ በነገርኋቸው ጊዜ ረጅም ሐተታዬን አስጨርሰው፦

«ልጄ፣ ይህን ሳጥን መጀመሪያ አውጣልኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ ሳጥኑ ሳይገባም ደካማ ነበር እኮ» አልኋቸው።

«ደካማማ ነበር። ለምን ደከመ ብሎ የጠየቀው ግን የለም።»

ከዚያም ጎሚስታ የተበሳ ከመነዳሪ እንደሚፈልገው ዓይነት፣ ከቱርቦው እስከ ሞተሩ ያለውን የአየር መንገድ ዘግተው በኮምፕሬሰር ጥቂት ግፊት ሰጡና በሳሙና ውሃ ቀቡት። ከኢንተርኩለሩ ወደ ሞተሩ የሚወስደው የላስቲክ ቱቦ ከታች በኩል፣ ዓይን በማያየው ሥፍራ፣ አረፋ አወጣ። ስንጥቁ የጣት ርዝመት ነበር። ቱርቦው ደክሞ የሰበሰበው አየር ገሚሱ በዚያ ያመልጥ ኖሯል፤ ያመለጠውን ለመተካትም ቱርቦው አብዝቶ ሲዞር፣ የሚልከው አየር ከልኩ በላይ እየሞቀ ነበር። መጀመሪያ ያዳከመኝ ይህ ሲሆን፣ ሳጥኒቱ ደግሞ በጎደለ ነፋስ ላይ ናፍጣ አበዛችበት። የቱቦው ዋጋ ከሳጥኒቱ ዋጋ አሥረኛ እጅ አይሞላም።

ቱቦው ከተለወጠ፣ የአየር ፊልትሮውና የናፍጣ ፊልትሮው ከታደሱ፣ ኖዝሎቹም ተመርምረው ደኅና መሆናቸው ከታወቀ በኋላ፣ በእውነት ማስተካከል ስለሚባለው ነገር መነጋገር ተቻለ። ይህ ሥራ በኮምፒውተሩ ውስጥ የተጻፈውን ሰንጠረዥ መለወጥ ነው፤ በዚህ ዙር፣ በዚህ ጭነት፣ በዚህ የአየር መጠን፣ ይህን ያህል ናፍጣ፣ በዚህች ቅጽበት ግባ የሚል ሥርዓት ነው። ቅጽበት ማለቴ በምክንያት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር ዘንጉ በሴኮንድ ሺህኛ ውስጥ 12 ዲግሪ ይዞራል፤ ናፍጣው ፒስተኑ ከላይ ጫፉ ከመድረሱ ጥቂት ዲግሪዎች ቀደም ብሎ ካልገባ፣ እሳቱ ፒስተኑ ከሸሸ በኋላ ይነድና ሙቀቱ ሥራ ሳይሠራ በማርሚታ ይወጣል። እጅግ ቀድሞ ከገባ ደግሞ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ ሲመጣ ፍንዳታው ይቀበለውና ሞተሩ እንደ መዶሻ ይቀጠቀጣል። መጠኑም ቢሆን ለሰው ዓይን የሚታይ አይደለም። በዚሁ ዙር በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር እየሄድን በመቶ ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የምንፈጅ ቢሆን፣ ከአራቱ ኖዝሎች የሚረጨው በሰዓት 240,000 ጊዜ ነውና፣ ለእያንዳንዱ ርጭት የሚደርሰው 35 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ከአንዲት የውሃ ጠብታ ያነሰ ነው። ይህን በብሎን መፍቻ አስተካክላለሁ የሚል ሰው ካለ እጁን ልስመው እወዳለሁ።

የእኔን ሰንጠረዥ የለወጠው ወጣት ባለሙያ ብዙ አልጨመረም፤ እኔም ብዙ እንዲጨምር አልጠየቅሁም። በመካከለኛ ጭነት ላይ የናፍጣውን መግቢያ ጊዜ በጥቂቱ አስቀደመው፣ የቱርቦውን ግፊት ከ1,500 ዙር ጀምሮ ፈጥኖ እንዲደርስ አደረገ፣ በሙሉ ጭነት ላይ ደግሞ ናፍጣው ከነፋሱ ልክ እንዳያልፍ ወሰን አበጀለት። ጢሱ ተመልሶ ወደ ሞተሩ የሚገባበትን ቫልቭ ልዝጋልህ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ ያ ዕቃ ግን አየሩን ከመርዝ ለመጠበቅ የተሠራ ስለሆነ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ እርሱን ማጥፋት በሕግ ያስቀጣል፣ እኔም የራሴን ጥቂት ትርፍ በጎረቤቴ ሳንባ ልከፍል አልወደድሁም።

ከዚህ በኋላ የቀረው ከሞተሩ ውጭ ያለው ነው፤ ብዙው ናፍጣ የሚጠፋውም እዚያ ነው። መኪና ነፋስን ሲሰነጥቅ የሚገጥመው ተቃውሞ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ በሚያድገው ልክ ያድጋል፤ ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ስንሸጋገር ተቃውሞው ከግማሽ በላይ ይጨምራል፣ እርሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ቁመቱ የተነሣ፣ በላዩ ፖርቶ መጋላ የተጫነበት ፒካፕ ለዚህ ነፋስ ደረቱን የሰጠ ነው። የደጋው ስስ አየር እዚህ ላይ ጥቂት ይክሰናል፤ ለሞተሩ የነሣውን ሩብ፣ ከፊት ለፊት ተቃውሞውም ላይ ይቀንስልናልና። ፖርቶ መጋላውን ባዶውን ከምዞርበት ብዬ አወረድሁት፤ የሚያስፈልገኝ በዓመት ሁለት ጊዜ ነበር።

ስለ ጎማዎቹ ብዙ አመነታሁ። ትልቁ ጎማ ማርሹን ሁሉ በመቶ ሰባት እጅ ያረዝመዋል፤ ሜዳ ላይ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እንዲሄድ ስለሚረዳ አይከፋም፣ አቀበት ላይ ግን አምስተኛ ማርሽ የማይረባ ይሆናል፤ ሾፌሩም በአራተኛ ሲሄድ የተገኘው ቁጠባ ይጠፋል። በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለውን የጥርስ ልክ ከ3.9 ወደ 4.1 በመለወጥ አብዛኛውን መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን በአራት ጎማ ለሚነዳ መኪና የፊቱም የኋላውም በአንድነት ካልተለወጡ፣ አራቱን ጎማ ባስገባን ቀን ሁለቱ ዘንጎች ተቃራኒ ሐሳብ ይዘው ካምቢዮውን ይሰብሩታል። ወጪው ከበደኝና ተውሁት። በምትኩ የጎማውን ንፋስ በየሳምንቱ እየለካሁ፣ በአቀበትም በጊዜ ማርሽ እየቀነስሁ መንዳት ተማርሁ።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ዓባይ በረሃን ደግሜ ወጣሁ፤ መርፌው 640 ላይ ቆመ፣ ከኋላዬም አውቶቡሱ ይታይ ነበር። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሐዋሳ ደርሼ ተመለስሁ፤ በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄድሁ ደርሶ መልሱ 57 ሊትር ፈጀ። ደስታዬን ልቋቋመው አልቻልሁምና በማግሥቱ ጠዋት ወደ አዛውንቱ ሄጄ፣ በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ደረስሁ ብዬ አበሠርኋቸው።

እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ጥቂት ዝም አሉና፦

«ስንት ኪሎ ሜትር ሄድህ?» አሉኝ።

«514» አልኋቸው።

«ሐዋሳ ደርሶ መልስ 514 የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው ልጄ?»

ቆጣሪውን ሳላቀና ማስላቴን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ወረቀት አውጥቼ 550ን ለ57 አካፈልሁና 9.6 የሚለውን አሳየኋቸው፤ እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን ካዩ በኋላ ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝና፣ ከሥር ቀኑንና የጎማውን ንፋስ እንድጽፍበት አዘዙኝ።